መሰልኳቸው እንጂ አላገጥኩባቸውም

ጥቅምት 19 ቀን 1960

ዛሬም ያው። ሞርሲቶ፣ ሞርሲቶ፣ ሞርሲቶ... ጉሮሮዬ እስኪላጥ። መናኸሪያው ጭቃ ብቻ። ሾፌሩ ሽብሩ አውቶቡሱ ካልሞላ ሞተር አያስነሳም፤ ሰው ደግሞ ሞተር ሲነሳ ካልሰማ አይሳፈርም። በመሃል እኔ እጮሃለሁ። ወደ ሞርሲቶ ከተማ የሚሄድ ተሳፋሪ መጥራት ነው ሥራዬ።

ሰው ሲጠፋ ሽብሩ፣ "ዋለ፣ እስቲ አንድ ሰው አምጣልን!" አለ። ተሳፋሪ ማለቱ አይደለም። ድምፅ ማለቱ ነው።

መጀመሪያ የሬዲዮኑን ዜና አንባቢ አመጣሁ። "የሞርሲቶ አውቶቡስ ዛሬ ጠዋት በአንድ ሽማግሌና በሁለት ዶሮ ተጨናንቆ..." ሳቁ። አንዱ ተሸካሚ፣ "ጃንሆይንስ አታመጣም?" ሲል ሽብሩ ዘሎ አፉን ያዘው።

"እሳቸውን ተዋቸው! እሱ ያመጣቸዋል፣ እኔን ይወስዱኛል።"

ከዚያ ጋሼ ተረፈን። የጸሎት ቤታችንን ወንጌላዊ። ጣሪያው ላይ፣ ጭነቱ መሃል ቆምኩ። መጀመሪያ ሳል። ትንሽ፣ ደረቅ። ከዚያ ዝም። ሰው አንገቱን እስኪያሰግግ ድረስ ዝም። ከዚያ... "እንግዲህ ወንድሞቼ... ልቤ አዘነች።" ሌላው ሰው "ልቤ አዘነ" ነው የሚለው። በጋሼ ተረፈ አፍ ልብ ሁልጊዜ ሴት ናት። ስንት ዘመን ሰበኩ፣ አልታረመችም።

ከሺንሺቾ የመጡ አንዲት አሮጊት ቅቤያቸውን ታቅፈው መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "አሜን!" አሉ። ከምር! ሽብሩ በሳቅ መሪው ላይ ተደፋ። "አመጣኸው! ዛሬስ አመጣኸው!"

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገልጠው ወንጌላዊውን ይፈልጋሉ። ወዲያ ያያሉ፣ ወዲህ ያያሉ... ትንሽ ከነከነኝ። ትንሽ ብቻ። ከዚያ እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት 21

እማዬ ሰምታለች። "አፍህን በወስፌ እሰፋዋለሁ" አለች። ወስፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል እንጂ አይሰፋውም አልኳት። ይቺ በአማርኛ ብቻ ነው የምታስቀው። እማዬ ያላት ሃዲይኛ ብቻ ስለሆነ አልሳቀችም።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

ይኼን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው...

ጋሼ ተረፈ ዛሬ ስለ መምሰል ሰበኩ። "መምሰል አለ፣ ማስመሰል አለ። በመሃላቸው ያለችው 'አስ' ብቻ ናት። ሰይጣን ሌላ ወንበር የለውም፤ እዚያች 'አስ' ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀን።" ሰው ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፤ ነገ መናኸሪያ አመጣታለሁ ብዬ ያዝኳት።

ከዚያ፣ "ስለዚህ ወንድሞቼ... ልቤ..." አሉና ቆሙ።

ሳሉ። ያቺ የማውቃት ደረቅ ሳል አይደለችም። ሌላ ናት። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አትሮንሱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቃሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከአውቶቡስ ጣሪያ ሻንጣ ሲንሸራተት እጅህ ሳያማክርህ ይዘረጋ የለ? እንደዚያ ነው የሆነው። ከኋላ ወንበር፣ በሳቸው ድምፅ፣ ቁርጥ በሳቸው...

"አዘነች።"

እኔ ነኝ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጆቹማ መሬት ለመሬት ተንከባለሉ። ጋሼ ተረፈ የሚስቁትን አላዩም። እኔን አዩኝ። እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው።

ልቀልድ ብዬ ነው እንዴ? እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ቃሉ ሊወድቅ ነበር፣ ያዝኩት። ማን ያምነኛል?

ጥቅምት 28

ታመዋል አሉ። ጉሮሮ ነው አሉ። ቀድሞ የሚነግረኝ ጠፍቶ!

ኅዳር 1

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ሰብሳቢው ጋሽ ጠና ናቸው፤ ብዕራቸውን ይዘው አንድ ቃል ይፈልጋሉ። ጥፋቱ ስሙ ተጽፎ ነው ቅጣት የሚቆረጠው።

"አላግጠሃል?"

"አላላገጥኩም። ማላገጥ የሰው ጉድለት ተይዞ ነው።"

"አሹፈሃል በላ።"

"ማሾፍ ሰውየውን ለማናደድ ነው ጋሼ። ማን ላናድድ?"

"ቀልደሃል?"

"ቀልድስ አስቤ ነው የማመጣው። ይቺ ሳላስብ አመለጠችኝ።"

"ኮርጀሃል?"

"ኩረጃ ተደብቆ ነው። እኔ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጋሽ ጠና ብዕሩን ወረወሩት። "ታዲያ ያደረግከው ነገር ስም የለውም?"

"የለውም መሰለኝ።"

"ስም የሌለው ኃጢአት የለም!"

እኔ እኮ ቀልዴን አልነበረም። ቃሉን ከሳቸው ጋር እየፈለግሁ ነበር። ብናገኘው ለኔም ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ተረፈ ጥግ ተቀምጠዋል፣ አንገታቸው በሻርፕ ተጠምጥሞ። አንድ ነገር ሊሉ እጃቸውን አነሱ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። "ይተዉ፣ አይድከሙ፤ እኛ እንጨርሰዋለን" አሏቸው። ምን ሊሉ ነበር? ለኔ ነበር? በኔ ላይ ነበር?

"አላገጠ" ተብሎ ተጻፈ። ከኅብረት ታገድኩ። ጉባኤ ፊት ቆሜ በገዛ አፌ እስክናዘዝ ድረስ።

በገዛ አፌ... እሱ የትኛው ነው?

ኅዳር 4

ጓሮ እንሰቱ መሃል ገብቼ ኑዛዜዬን ተለማመድኩ። "ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በድያለሁ..." ስል ጋሼ ተረፈ መጡ። እኔ አልጠራኋቸውም! መቆሚያው የሳቸው፣ መነሻው የሳቸው። ጣልኩት። በሽብሩ ድምፅ ሞከርኩ፤ ከተሳፋሪ ጋር የምጣላ መሰለ። በዜና አንባቢው ሞከርኩ፤ "አቶ ዋለ መበደላቸውን ዛሬ ገለጹ" ሆነብኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አላሳቀኝም።

በሃዲይኛ ሞከርኩት። ወጣ! ቀጥ ብሎ ወጣ። እንባዬም መጣ።

ሮጬ ጋሽ ጠና ቤት ሄድኩ። በሃዲይኛ ልናገርና ይተርጎም አልኳቸው።

"ጉባኤው ውስጥ ጉራጌ አለ፣ ከምባታ አለ። ሁሉ ሲስቅ በአማርኛ ነው የሰማህ። ሲያላግጡ በአማርኛ፣ ሲናዘዙ በሃዲይኛ?"

ተመልሼ እንሰቱ መሃል ገባሁ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

አበቃ።

ቶሎ ቶሎ ተናግሬ ልወርድ ነበር ሐሳቤ። ዝም የምልበት ፋታ እንዳይኖር። ቆምኩ። እማዬ ፊት ለፊቴ ናት፣ ነጠላዋን አጥባ። ሳያት ሳልኩ። የፍርሃት ሳል ነው፣ የኔ ሳል! ከወንዶቹ በኩል አንዱ፣ "ጀመረ..." አለ። ኪ ኪ ኪ። እስኪበርድላቸው ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ያችም የሳቸው ዝምታ ናት።

"ወንድሞቼ... እህቶቼ... ጋሼ ተረፈን በድያለሁ። ልቤ..."

እዚህ ጋ ሌላ ቃል ፈለግሁ። እግዜር ያውቃል፣ ፈለግሁ። ሕዝቡ ሁሉ አፌን ያያል። ያቺ ቃል ብቻዋን በር ላይ ቆማለች።

"...አዘነች።"

ምን ልጻፍ? ሳቁ ከጥቅምቱ ባሰ። ጋሽ ጠና ጠረጴዛውን መቱት። "በእግዚአብሔር ቤት! በኑዛዜ ላይ! ደግሞ!" እውነቴን ነው ብዬ ጮህኩ። እሷም በሳቸው ድምፅ ወጣች። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ማንም መንገድ ሳይለቅላት፣ በሰው ጉልበት መሃል እየተጋፋች።

ያልሳቁት ጋሼ ተረፈ ብቻ ናቸው። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ይሰሙኝ ነበር።

ኅዳር 10

እማዬ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ወደ ማታ ቆጮውን እየከተፈች፣ ሳታየኝ፣

"ለምን እንደሱ አልክ?"

"ሌላ አላውቅማ።"

"እንዴት ሰው ሌላ አያውቅም?"

ቢላዋው ቆመ።

"ከማን ታውቃለህ ደግሞ... እኔ አማርኛ የለኝ። አባትህም ሳይችለው ሞተ። ከጋሼ ተረፈ ወንበር ሥር ነው ሀ ሁ ያልከው። ቁርስ ሳትቀምስ ትሮጥ ነበር፣ ሌላ ልጅ ቀድሞህ አጠገባቸው እንዳይቀመጥ።"

ቁጭ አልኩ።

ስድስተኛ ክፍል አስተማሪው "ልቤ አዘነች" የምትለዋን በቀይ ሰርዞ መለሰልኝ። ተናድጄ ተከራከርኩት። "ጋሼ ተረፈ ናቸው ያስተማሩኝ፣ ጋሼ ተረፈ አይሳሳቱም!" ክፍሉ ሳቀ። መሳቅ የጀመሩት ለካ ያኔ ነው። ሳቁ ደስ አለኝና... ከዚያ ወዲያ ሆን ብዬ ማምጣት ጀመርኩ። የትኛው ላይ ተማርኩ፣ የትኛው ላይ አላገጥኩ? ድንበሩ የት ነው?

ልጅ እንደ አባቱ ሲራመድ "ቁርጥ አባቱን!" ብለው ይስሙታል። አላገጠ የሚለው የለም።

ኅዳር 11

ይኼን ለጋሽ ጠና ላስረዳ ሄድኩ። ገና "እንግዲህ ጋሼ..." ስል፣

"ለማስረዳትም በሳቸው ድምፅ ነው የመጣኸው?"

በሩን ዘጉት። ቀስ ብለው ነው የዘጉት። ቢያላትሙት ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 14

ጋሼ ተረፈ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ጵርስቅላ ጋር። የተሳፈሩት ከኔው መናኸሪያ ነው፣ ሻንጣቸውን ጣሪያ ላይ ያሰርኩትም እኔው።

ገመዱን እያሰርኩ፣ ወርጄ ይቅርታ እላቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። በጆሯቸው፣ ማንም ሳይሰማ። ወረድኩ። ከመውረዴ ተሸካሚዎቹ ከበቡን። "ዋለ! አምጣቸው! እሳቸው እያሉ አምጣቸውና እናወዳድር!" አንዱ ያንን ሳል ሳለ። አልቻለበትም፤ የውሻ ሳል ነው የሳለው። ያም ሆኖ ሳቁ።

አፌን ከከፈትኩ የሚወጣው የሳቸው ድምፅ ነው። ሰው ፊት፣ ታመው፣ አንገታቸው ታስሮ... ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ጋሼ ተረፈ ጠበቁኝ። የምር ጠበቁኝ፤ አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ፣ አንዱ መሬት። ከዚያ ሻካራ ትንፋሽ በመሰለ ድምፅ፣

"ገመዱን አጥብቀሃል?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ገቡ።

ተሸካሚዎቹን ላስቃቸው ስል ጋሼ ተረፈን ማናገር አቃተኝ... አይ። እሷም አይደለችም። ዛሬማ ላለማሳቅ ስል ነው ያቃተኝ። የቱም መንገድ ዝግ ነው።

ታኅሣሥ 2

ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ሁሉ ሲቆም በሩ ላይ እገኛለሁ። ሽብሩ፣ "ፍቅረኛ አለችህ እንዴ?" ይለኛል።

ታኅሣሥ 20

ወሬ ደረሰ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ይተርፋሉ አሉ።

ድምፃቸው ግን ወጥቷል። "ወጥቷል" ነው ያለኝ መልእክተኛው፣ እንደ ጥርስ።

"ይመለሳል ወይ?" አልኩት።

"ሐኪሙ አይመለስም ብሏል።"

ከዚያ አፌን አይቶ፣ "አንተ... እንደሳቸው አትናገር እንጂ፣ ያስፈራል" አለኝ።

ጥር 3

መጡ።

ከስተዋል። አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ። ተሸካሚዎቹ ዛሬ ቆባቸውን አወለቁ። ሻንጣውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቤታቸው ድረስ ተከተልኳቸው። እትዬ ጵርስቅላ ውሃ ሊያሞቁ ወደ ጓዳ ገቡ። ሁለታችን ቀረን። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

"ጋሼ፣ እኔ አላገጥኩብዎትም" አልኳቸው። "ሌላ አፍ የለኝም። ይኼን እርስዎ ነዎት የሰጡኝ።"

በሳቸው ድምፅ ወጣ። በጥንቱ ድምፃቸው፣ በጤናው ጊዜ።

ጓዳ ውስጥ ጀበና ይሁን ማሰሮ፣ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። እትዬ ጵርስቅላ እጃቸው እየተንጠባጠበ ሮጠው ወጡ። "ተናገሩ! ተረፈ! ተናገሩ እንዴ?!"

እኔን አዩ። እሳቸውን አዩ። የበሩን መቃን ተደገፉ፤ ቀስ እያሉ ወደ ታች ተንሸራተቱ።

ጋሼ ተረፈ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እጃቸውን ወደኔ አነሱ። መዳፉ ክፍት ነው። ተው ማለታቸው ነው? ቀጥል ማለታቸው ነው? ዓይናቸውን ቢገልጡልኝ አውቅ ነበር። አልገለጡም።

ሸሸሁ።

ጥር 6

ከእንግዲህ በአማርኛ አልናገርም። መናኸሪያ ላይ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፌ እየደበደብኩ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። የሚገባው ይገባል።

ሽብሩ ወረደ። "ከበሮ ነው እንዴ ያረግከው? አፍህን አከራየኸው?"

አከራይቼው ቢሆንማ አስመልስ ነበር።

ጥር 12፣ እሑድ

አዲስ ሰባኪ መጥቷል። ድምፁ ያምራል፣ አማርኛውም ልክ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ሰማሁት፤ እገዳዬ አልተነሳም። ጋሼ ተረፈ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ሕዝቡ ሲዘምር የሳቸውም ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

ጋሽ ጠና ሲወጡ አዩኝ። ቆሙ፣ ሊሉኝ የፈለጉት ነገር ነበር። ሳይሉኝ ሄዱ። ቃል ፍለጋ እሳቸውም ቸገራቸው መሰለኝ።

ጥር 17

ሽብሩ ሌላ ጠሪ ሊቀጥር ነው። እማዬ፣ "አፍህ ሲበዛም ተቸገርኩ፣ ሲጠፋም ተቸገርኩ" አለች። ቀልድ ነበረች፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

ጥር 21

ዛሬ እትዬ ጵርስቅላ መናኸሪያ መጡ።

ገበያ የለም። ሻንጣ አልያዙ፣ ዘንቢል አልያዙ። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቀርቤ እጅ ነሳሁ። በሃዲይኛ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው።

"የትም አልሄድ።" እሳቸውም በሃዲይኛ። "ትናንትም መጥቼ ነበር። ቆርቆሮ ትደበድባለህ።"

መዳፌን ከኋላዬ ደበቅሁ።

"ለምን አትጣራም?"

"እትዬ... ያውቃሉ እኮ ለምን እንደሆነ።"

"አውቃለሁ።" ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። አላዩኝም። "ሥራህን ሥራ እንጂ። እኔ ጥግ ነው ያለሁት፣ ማንንም አልረብሽ።"

"እሳቸው ያውቃሉ እዚህ እንዳሉ?"

በአገጫቸው ወደ አውቶቡሱ አመለከቱኝ።

አውቶቡሱ ጋ ተመለስኩ። ሽብሩ ሲጋራውን እያጨሰ ያየኛል። ምን ላድርግ? እምቢ ልበል? ይቅርታ ልበላቸው? ላልቅስ? የትኛውም አልመጣልኝም። አፌን ከፈትኩ።

"ሞርሲቶ..."

ወጣ። እንደዚያው በጋሼ ተረፈ ድምፅ፣ ከነፋታው። ሽብሩ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። ማንም አልሳቀም። አንድ ተሸካሚ ሸክሙን አወረደ።

እትዬ ጵርስቅላ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። "ሞርሲቶ... ሞርሲቶ..." እላለሁ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ሥራዬ ይቺን ቃል ብቻ ነው የምትፈልገው። የባላቸው ስም አይደለም፣ ጸሎት አይደለም፣ የከተማ ስም ነው። ሰዎች ከነዶሯቸው፣ ከነልጆቻቸው ይገባሉ። አውቶቡሱ ዛሬ ቶሎ ሞላ።

ሽብሩ ሞተሩን አስነስቶ በመስኮት ብቅ አለ። "ዋለ፣ ሞልቷል እኮ! በቃ!"

በቃ አላልኩም። አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ወጣ፣ አቧራው ተረፈን። እትዬ ጵርስቅላ ከአግዳሚው አልተነሱም።

እኔም ባዶው ቦታ ላይ ቆሜ ሞርሲቶን ተጣራሁ።